አረጋውያን ለምን ይወድቃሉ? አስቀድሞስ እንዴት ይታወቃል?

ሕፃን ልጅ መሄድ ሲጀምር ይወድቃል። ወድቆም ይነሣል። ጥቂት አልቅሶ እንደገና ይሮጣል። አጥንቱ ለጋ ነው። ቁመቱም አጭር ስለ ሆነ መሬቱ ከእርሱ ሩቅ አይደለም። ሽማግሌ ሲወድቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው የወደቁ አዛውንት ከዚያ ቀን በኋላ እርሻቸውን በእግራቸው ሄደው ላያዩ ይችላሉ።

በየመንደሩ ይህን የመሰለ ታሪክ አይታጣም። “ምን ሆነው ሞቱ?” ተብሎ ሲጠየቅ፣ “ኧረ ደኅና ነበሩ፤ ወድቀው ነው እንጂ፤ ከወደቁ ወዲህ አልተነሡም” ይባላል። ሰሚውም “እርጅና ነዋ!” ብሎ ያልፈዋል።

እርጅና ግን ብቻውን ሰውን አይጥልም። የሚጥል ሌላ ምክንያት አለ። ይህም ምክንያት ሰውዬው ከመውደቁ በፊት ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ለመፈለግ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ወንበር፣ 6 ክንድ ገመድና ሰኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን የሚጠይቅ ሰውና እውነቱን የሚናገር አዛውንት ነው።

የጉዳቱ መጠን

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ወድቀው ይሞታሉ። ሳይታሰብ በሚደርስ አደጋ ከሚሞቱት መካከል በቁጥር የሚበልጡት በመኪና አደጋ የሚሞቱት ብቻ ናቸው። ወድቀው ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል።

በገጠር ዕድሜውን በዓመት ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በዚህ አንቸገር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሰው ሁሉ ዛሬ 65 ዓመት አልፎታል። ይህ ጽሑፍ እርሱን ይመለከተዋል።

የሁሉም ሰው አጥንት በዕድሜ ብዛት ይሳሳል። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ምስጥ እንደ በላው እንጨት ባዶ እየሆነ ይሄዳል። በሴቶች ላይ ይህ ነገር ይብሳል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንታቸው ቶሎ ቶሎ ይሳሳልና ነው። እንዲህ ያለ አጥንት ያለው ሰው ከቁመቱ በማይበልጥ ከፍታ፣ ያውም በሜዳ ላይ ቢወድቅ እንኳ ይሰበራል።

ከሁሉ የከፋው የጭን አጥንት ከዳሌ ጋር በሚገናኝበት ቦታ መሰበር ነው። እዚህ ቦታ የተሰበረ ሰው መቆም አይችልም። ይተኛል። ብዙ ቀን ሲተኛ ጀርባውና መቀመጫው ይቆስላል። ሳንባው በደንብ ስለማይተነፍስ የሳንባ ምች ይይዘዋል። ደሙም በእግሩ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እንግዲህ “ከወደቁ ወዲህ አልተነሡም” የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ስብራቱ ራሱ ሳይሆን መኝታው ነው።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በምንድን ነው?

ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእግሩ ብቻ አይደለም። ዓይን መሬቱን ያያል። የውስጥ ጆሮ ጭንቅላት ወዴት እንዳዘነበለ ይነግራል። የእግር መዳፍ የረገጠው ነገር ድንጋይ ይሁን ጭቃ ያውቃል። አንጎል ይህን ሁሉ ወሬ ተቀብሎ ለጡንቻ ትእዛዝ ይሰጣል። የጭንና የባት ጡንቻ ደግሞ ትእዛዙን ይፈጽማል። ወጣት ሰው እንቅፋት ሲመታው ገና መሬት ሳይደርስ ሌላኛውን እግሩን ወደ ፊት ሰንዝሮ ራሱን ያድናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ነው።

በእርጅና ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ቢደክም ሌላው ይሸከመዋል። ዓይን ቢደክም እግር ይዳስሳል። ሁለት ሦስቱ በአንድነት ሲደክሙ ግን የሚሸከም ይጠፋል። ስለዚህ “ለምን ወደቁ?” ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አይሆንም። ድንጋይ አደናቀፋቸው ብለን ድንጋዩን ብናነሣ ደግ ነው። ነገር ግን ያንኑ ድንጋይ ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም በየቀኑ ሲያልፉበት አልወደቁም። ታዲያ እርሳቸውን ለምን ጣላቸው? ምርመራው የሚፈልገው ይህን ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

በ2015 ዓ.ም. ከ39 አገሮች የተውጣጡ 96 ባለሙያዎች ስለ አረጋውያን መውደቅ አንድ መመሪያ አወጡ። በዚያ መመሪያ ውስጥ ከተጻፉት ምክሮች አንዱ ቀላል ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ለማናቸውም ጉዳይ ወደ ጤና ባለሙያ ሲመጣ፣ ለሳልም ቢሆን ለዓይን፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ስለ መውደቅ ይጠየቅ ይላል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ወድቀው ያውቃሉ?
ሲቆሙ ወይም ሲሄዱ ይንገዳገዳሉ ወይ?
እወድቃለሁ ብለው ይሠጋሉ ወይ?

ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ “አዎን” የሚል መልስ ከተሰጠ ምርመራው ይቀጥላል። ለሦስቱም “የለም” ከተባለ ግን ለዚያ ዓመት በቂ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው ብለናል። መልሱን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። እንበል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ አንዲት እናት ቤት ገባች።

“እናቴ፣ በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?”

“ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ! ምን ያወድቀኛል?”

“ይሄ ክንድዎ ላይ ያለው ጠባሳ የምንድን ነው?”

“እሱማ ጭቃ አዳልጦኝ ነው እንጂ መቼ ወደቅሁ!”

እናቲቱ አልዋሹም። በእኛ ቋንቋ መውደቅን የምንጠራበት ስም ብዙ ነው። አዳለጠኝ እንላለን። አደናቀፈኝ እንላለን። ዞረብኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔን ጭልም አለኝ እንላለን። “ወደቅሁ” የሚለውን ቃል የምናስቀረው ተሰብረን ለተኛንበት ቀን ነው። ለባለሙያ ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው። ሰው ሳያስበው ከቆመበት ወይም ከተቀመጠበት ወርዶ መሬት ላይ ከተገኘ ወድቋል። ቢቆስልም ባይቆስልም ወድቋል። እንዲያውም ስሙ ራሱ መረጃ ነው። ያዳለጠውና ዓይኑ የጨለመበት ሰው ምክንያታቸው ለየቅል ነውና፣ ባለሙያዋ የሰማችውን ቃል እንዳለ ብትጽፈው ይጠቅማል።

ሌላም ችግር አለ። አረጋውያን መውደቃቸውን ይደብቃሉ። ለምን ይደብቃሉ? ማፈር አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ግን ፍርሃት ነው። መውደቃቸው ከተሰማ “ከእንግዲህ ገበያ አይሂዱ፤ ማድጋ አያንሡ፤ ደጅ ለብቻዎ አይውጡ” ይባላሉ። አባት ከሽምግልናውና ከዕድሩ ይቀራሉ። እናት ጓዳቸውን ለምራት ያስረክባሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስም ይቀራል። ከዚህ ይልቅ ቁስሉን በነጠላ ሸፍኖ ዝም ማለት ይሻላቸዋል።

በጸሐፊው አስተያየት እዚህ ላይ ጥፋቱ የአረጋውያኑ ሳይሆን የእኛ የልጆቻቸው ነው። ወድቄያለሁ ያለን ሰው እንደ ጥጃ ቤት ውስጥ ካሰርነው ማንም እውነቱን አይነግረንም። ደግሞም ማሰሩ አይጠቅምም። ተቀምጦ የሚውል ሰው ጡንቻው ይቀልጣል። ጡንቻው የቀለጠ ሰው ሲነሣ ይወድቃል። ሲወድቅ የበለጠ ይፈራል። ሲፈራ የበለጠ ይቀመጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የወንበርና የገመድ ፈተና

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ይህን ፈተና በ1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስተዋወቁት በካናዳ አገር የሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። የሚደረገው እንዲህ ነው።

በተስተካከለ መሬት ላይ ጽኑ ወንበር ይቀመጣል። ወንበሩ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ ዱካና በርጩማ ዝቅ ስለሚሉ ለዚህ አይሆኑም። ከወንበሩ ፊት 3 ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረጋል። ሜትር ከሌለ 6 ክንድ ገመድ መዘርጋት ነው፤ የክንድ ርዝመት ከሰው ሰው ይለያያልና በሜትር የተለካ ገመድ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይመረጣል። አዛውንቱ የዘወትር ጫማቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። ምርኩዝ ወይም ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ይዘው ይሂዱ።

“ይነሡ” ሲባሉ ይነሣሉ። እንደ ልማዳቸው እየተራመዱ እስከ ምልክቱ ይሄዳሉ። ዞረው ይመለሳሉ። ይቀመጣሉ። ይኸው ነው። መሮጥ የለም፤ ውድድር አይደለም።

ሰዓት የሚቆጠረው “ይነሡ” ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ መልሰው እስኪቀመጡ ድረስ ነው። አንድ ደቂቃ 60 ሰኮንድ እንደ ሆነ እናውቃለን። በእጅ ስልክ ውስጥ ሰኮንድ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ልጆች ያውቁበታል። 12 ሰኮንድ ወይም ከዚያ በላይ የፈጀ ሰው የመውደቅ ሥጋት አለበት ተብሎ ይታሰባል። አንዳንድ ባለሙያዎች ወሰኑን 15 ሰኮንድ ያደርጉታል። ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ አይደለም ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱ ብዙ ይናገራል። ሲነሡ ወንበሩን በእጃቸው ገፍተው ነው ወይስ በጉልበታቸው ብቻ? እግራቸውን ያነሣሉ ወይስ መሬቱን እየጠረጉ ይሄዳሉ? ሲዞሩ በአንድ ጊዜ ይዞራሉ ወይስ በትናንሽ እርምጃ ይሽከረከራሉ? ግድግዳ ይደግፋሉ ወይ? ሲቀመጡ ዝግ ብለው ይወርዳሉ ወይስ ዱብ ይላሉ? ይህን ለማየት የሕክምና ትምህርት ግዴታ አይደለም። ከብት ሲያነክስ ገና ከሩቅ የሚለይ ገበሬ የአባቱን አረማመድ ለማየት አይቸገርም፤ ልብ ብሎ ካየ።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን አገር ባለሙያዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። አንዳንድ አረጋዊ እየሄደ ሳለ ሰው ሲያናግረው መልስ ለመስጠት ይቆማል። መሄዱንና መናገሩን በአንድነት አይችልም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ሳይቆሙ ከሚያወጉት ይልቅ ብዙ ጊዜ ሲወድቁ ተገኙ። ከገበያ ስንመለስ ከአባቶች ጋር እያወጋን የምንሄድ ሁሉ ይህን ማየት እንችላለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በፈተናው ጊዜ አንድ ጎበዝ ከአዛውንቱ ጎን ሆኖ ይከተል። ክንዳቸውን ይዞ አይጎትት። ነገር ግን ቢንገዳገዱ ለመደገፍ ቅርብ ይሁን። ልንመረምር ብለን ልንጥላቸው አይገባም።

ሁለት ሌሎች ፈተናዎችም አሉ። አንዱ የእግር ጉልበት የሚለካበት ነው። አረጋዊው እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሥተው እንደሚቀመጡ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ70 እስከ 74 ዓመት የሆነ ወንድ ከ12 ጊዜ በታች፣ ሴት ደግሞ ከ10 ጊዜ በታች ከሆነ ጉልበት አንሷል። ሁለተኛው ሚዛን የሚታይበት ነው። ያለ ምርኩዝ፣ ዓይን ሳይጨፈን፣ የአንዱ እግር ተረከዝ የሌላውን እግር ጣት እንዲነካ አድርጎ 10 ሰኮንድ መቆም ነው። ይህን ያህል መቆም ያልቻለ ሰው ይወድቃል ተብሎ ይሠጋል።

ባለሙያው ቀጥሎ ምን ይመለከታል?

ፈተናው የሚነግረን ማን እንደሚያሠጋ ነው። ምክንያቱን አይነግርም። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አንደኛው የደም ግፊት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የደም ግፊት መብዛቱን ብቻ ነው። ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ግፊቱ በድንገት ሊወርድም ይችላል። ያን ጊዜ ደም ወደ አንጎል በበቂ ስለማይደርስ ዓይን ይጨልማል፤ ጉልበት ይከዳል። ስለዚህ ባለሙያው አዛውንቱን 5 ደቂቃ ያህል አስተኝቶ ይለካል። ከዚያም አስቁሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካል። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ ከዚህ አንዱ ተገኘ ማለት ነው። ውሃ ሳይጠጡ ፀሐይ ላይ መዋል፣ ተቅማጥ፣ አረቄ፣ አንዳንድ መድኃኒትም ይህን ያመጣሉ። ሌሊት ለሽንት የሚነሡ ሰው መጀመሪያ መደቡ ጫፍ ላይ ይቀመጡ። እግራቸውን ጥቂት ያወዛውዙ። ዓይናቸው ሲጠራ ይነሡ።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ ቤት ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ መሄድ ነው። ከጎረቤት የተገኘውም፣ ከሱቅ የተገዛውም፣ የባሕል መድኃኒቱም አይቅር። የደም ግፊት ኪኒን፣ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ ለነርቭ የሚሰጥ ኪኒን ሰውን ሊያንገዳግዱ ይችላሉ። አራትና አምስት ዓይነት መድኃኒት በአንድነት የሚወስድ ሰው ሥጋቱ ይጨምራል። ታዲያ ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በገዛ እጁ የሚያቆም እንዳይኖር አደራ። የግፊት መድኃኒት በድንገት ቢቆም ሌላ አደጋ ያመጣል። ልኩን የሚቀንሰው ወይም የሚለውጠው ባለሙያው ነው።

ሦስተኛው ዓይን ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የዓይን ጥናት ከዓይነ ሥውራን ውስጥ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በዓይን ሞራ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። አንዱን ዓይን ብቻ እንኳ ማስገፈፍ መውደቅን እንደሚቀንስ ታውቋል። ባለ ሞራ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ መንገዱን ያገኙት ይሆናል፤ አመሻሽ ላይ ግን ጉድጓዱና ጥላው ይመሳሰሉባቸዋል።

አራተኛው እግር ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የእግሩ መዳፍ ሊደነዝዝ ይችላል፤ የረገጠውን አያውቅም። እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ ሰዎችም እርምጃቸው ይከብዳል። የጣት ጥፍር መርዘም፣ እሾህና ቁርጥማትም አካሄድ ያበላሻሉ። ጫማውም ይታይ። ተረከዙ ክፍት የሆነ፣ የላላ፣ ሶሉ ተበልቶ የለሰለሰ ጫማ በክረምት ጭቃ ላይ እንደ ቅባት ነው። ከተረከዝ በኩል የሚያዝ፣ ሶሉ ያልተበላ ጫማ ይሻላል።

ጉልበት ይመለሳል ወይ?

አዎን፣ በከፊል ይመለሳል። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። “ከሰባ ዓመት በኋላ ምን ጉልበት ይመጣል?” ይላል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ከ100 የሚበልጡ ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው ነበር። በጥናቶቹ ውስጥ ከ23,000 በላይ አረጋውያን ነበሩ። ሰውነታቸውን ያሠሩት ካላሠሩት ይልቅ መውደቃቸው በሩብ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚጠቅመውም ሚዛንንና የእግርን ጡንቻ የሚያሠራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ አይደለምን?

“እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያረስሁ ሰው ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?” የሚሉ አባት ይኖራሉ። እውነት ነው፤ አርሰዋል። ጡንቻ ግን የትናንቱን ሥራ አያስቀምጥም። ማረስ ካቆሙ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ?

ሥራው ቀላል ነው። ከወንበር ወይም ከፍ ካለ መደብ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ማረፍ፤ እንደገና 10 ጊዜ። ምሰሶ ይዞ በእግር ጣት መቆምና መውረድ። ግድግዳ አጠገብ ሆኖ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስከትሎ መቆም። ከግድግዳው አጠገብ ወደ ጎን መራመድ። በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ማድረግ ይበቃል፤ ለወራት ካልቀጠለ ግን አይጠቅምም። ደረት የሚያምም ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ አቁሞ ባለሙያ መጠየቅ ነው። ምርኩዝም ልክ አለው። ሰውዬው እጁን ዘና አድርጎ ሲቆም የምርኩዙ መያዣ ከእጅ አንጓው ጋር እኩል መሆን አለበት። በጣም ረጅም ምርኩዝ ትከሻ ይሰቅላል፤ አጭሩ ያጎብጣል።

ቤቱንና ደጁን በተመለከተ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ አንድ ቀን ማታ በጨለማ ራሳችን ብንሄድበት የሚያደናቅፈንን ሁሉ እናገኘዋለን። የጥጃው ገመድ፣ የተበተነው ማገዶ፣ የፈሰሰው እጣቢ፣ ከፍ ያለው የበር ደፍ ይታያል። ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ቁልቁለት አጠና ወይም ገመድ ማሰር፣ ሽንት ቤቱ ውስጥም ሲነሡ የሚይዙት ጽኑ እንጨት መትከል ይጠቅማል። ለሌሊት ፖፖ ማስቀመጥና ባትሪ ከራስጌ አለማራቅ ነው።

የወደቀ ሰው ሲገኝ

መጀመሪያ ጎትቶ ማንሣት አይገባም። “የት ያምምዎታል?” ብሎ መጠየቅ ነው። አንዱ እግር አጥሮ፣ የእግሩ ጣት ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ወይም ሰውዬው እግራቸውን ማንሣት ካቃታቸው የዳሌ ስብራት ይሆናል። በቃሬዛ፣ እግሩ ሳይነቃነቅ፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ወጌሻ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ይህን ስብራት ግን በማሸት አይመልሰውም። ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከሆነ ለቀናትና ለሳምንታት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ራስ ምታት ከበረታ፣ ካስመለሳቸው፣ እንቅልፍ ካበዙ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።

ምንም ስብራት ከሌለና ብቻቸውን ከሆኑ ደግሞ ጥቂት ይረፉ። ከዚያ በጎን ይዙሩ። በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ። እየዳሁ ወደ መደብ ወይም ወደ ምሰሶ ይጠጉ። ያንን ይዘው መጀመሪያ ጠንካራውን እግር ይትከሉ፤ ከዚያ ይነሡ። ይህን ሳይወድቁ በፊት ሰው ባለበት ምንጣፍ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መለማመድ ደግ ነው።

ማንን እንጠይቅ?

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቷል። እዚያ የሚሠሩት እኅቶች ከሁሉ አብልጠው የሚደክሙት ለእናቶችና ለሕፃናት ነው። ክትባት አለ፤ የእርግዝና ክትትል አለ። አረጋውያን ለራሳቸው ጉዳይ ወደ ጤና ኬላ የሚሄዱት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመውደቅ ምርመራ በብዙ ቦታ ገና አልተለመደም። ባለሙያዋ ካልጠየቀች እኛ ብንጠይቅ ነውር የለበትም። “አባቴ በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ይዩልኝ” ማለት ይበቃል።

ሲሄዱ ሦስት ነገር ጽፎ መያዝ ሥራውን ያቀልላል። መቼ ወደቁ? የት ወደቁ? ሊወድቁ ሲሉ ምን እያደረጉ ነበር? ለምሳሌ፣ “ኅዳር 12፣ ሌሊት፣ ለሽንት ሲነሡ ዓይናቸው ጨለመ። ጥር 3፣ ጠዋት፣ ከደፉ ሲወጡ አደናቀፋቸው።” ይህን ለመጻፍ አንድ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው ከቤት አይጠፋም። የወንበሩ ፈተና የፈጀው ሰኮንድም ከዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ተለክቶ ከፊተኛው ቁጥር ጎን ይጻፋል።